ወደ ግራ ያዘነበለችው ላንድክሩዘር፦ ግቢ ውስጥ የተቀየረ ባሌስትራ

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት፣ ኤችዜድጄ 75 የሚባለው ሞዴል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የተሠራች። ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሯ አሁንም ጤነኛ ነው። ባለቤቷ ከዘጌ ቡናና ጌሾ እያመጡ ባሕር ዳር የሚያስረክቡ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። መኪናዋ በሥራ ቀን ጭነት ትይዛለች፣ እሁድ ደግሞ ቤተሰብ። ይህን ያዙልኝ፣ ባሌስትራ (መኪናዋን ከጎማዎቹ በላይ የሚሸከመውን ስፕሪንግ) ስንመርጥ ይመጣል።

ችግሩ ከሩቅ ይታያል። መኪናዋ ከኋላ በግራ በኩል ወርዳለች። ተጭና ከዘጌ ስትመለስ፣ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከሥር "ዷ!" የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል። ማታ ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣ ሹፌር ሁሉ መብራት ያበራባቸዋል። ጋሼ ረጅም መብራት አልለቀቁም። የመኪናዋ ጀርባ ስለወረደ አፍንጫዋ ቀና ብሎ መብራቱን ሰው ዓይን ላይ ትተክላለች።

ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ወጪ አውጥተዋል። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ባሌስትራውን አውጥቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ቅስቱን መልሶ ገጠመላቸው። ጥቂት ወራት ቆመች፣ ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ቀጥሎ ሌላ ቦታ "አንድ ቅጠል እንጨምርበት፣ ይነሳል" ተባሉ። በግራ በኩል ብቻ ተጨመረ። እውነትም ተነሳች። ግን ባዶዋን ስትሄድ ወንበር ላይ ታነጥር ጀመር፣ ከዚያም ቀስ እያለች እንደገና ወደ ግራ አዘነበለች። ጋሼ ሲነግሩኝ፣ "ልጄ፣ እንደ ሰከረ ሰው በአንድ ጎኗ ነው እኮ የምትሄደው" አሉኝ።

እነዚህ ሁለት መፍትሔዎች በየከተማችን የተለመዱ ስለሆኑ ለምን እንዳልያዙ ልበል። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው መሃላቸው ላይ በአንድ ቡሎን የታሰሩ የአረብ ብረት ቅጠሎች ናቸው። ቅስታቸውን የሚይዙት በቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን ብረቱ ሲሠራ በወሰደው የሙቀት ሕክምና ነው። በደንብ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ በመጠኑ ተመልሶ ሞቆ ነው ስፕሪንግ የሚሆነው። በቀዝቃዛው ቀጥቅጠህ ብታቀናው፣ የደከመ ብረት ነውና ጭነት ሲያገኝ ወደ ተኛበት ይመለሳል። በእሳት አግለህ አቅንተህ ዝም ብለህ ብታቀዘቅዘው ደግሞ ይባስ፣ ተራ ብረት ይሆናል። ሕክምናውን መልሰው በሥርዓት የሚሰጡ ሰዎች የሉም አልልም። ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፈልበት ሥራ መዶሻው ብቻ ነው።

የተጨመረው ቅጠል ጉዳይ ደግሞ ሒሳብ ነው። የአንድ ቅጠል ግትርነት የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው። 8 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ10 ሚሊ ሜትር ብትተካው ጥቂት ብቻ የጠነከረ ይመስላል፤ ግን እጥፍ ገደማ ይገትራል። እነዚህ ቅጠሎች ግን አብረው ነው የሚታጠፉት። ወፍራሙ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ሲታጠፍ የሚሸከመው ጫና ከእነሱ ይበልጣል። መኪናዋ ባዶዋን ያነጠረችው ለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

ጋሼ ግራውን ባሌስትራ ብቻ ቀይረን እንድንገላገል ፈልገው ነበር። እኔ መጀመሪያ ሜትር አወጣሁ።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ በሲሚንቶ የተደለደለ ቦታ አለ። መኪናዋን ባዶዋን እዚያ አቆምናት። የአራቱንም ጎማ ንፋስ እኩል አደረግን። ከዚያ ከጎማው መሃል፣ ከእምብርቱ፣ ቀጥ ብሎ እስከ መከለያው ጠርዝ ድረስ ለካን። በዚህ አለካክ የጎማ ማነስና መብለጥ ልኬቱን አያዛባም። ከኋላ ግራው ከቀኙ በ4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ከፊት ልዩነቱ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦዲው ራሱ ሻንሲው (ቦዲው የተቀመጠበት የብረት አፅም) ላይ አዘንብሎ እንደሆነ ለማጣራት ደግሞ ከአክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ እስከ ሻንሲው ለካሁ። ያው ነው። የግራና የቀኙ ልዩነት እዚህም ስላለ ጥፋቱ የኋላ ባሌስትራ ላይ ነው።

ከዚያ ከሥር ገባሁ። የመኪናው አካል ከአክስሉ ጋር እንዳይላተም የተተከለ አንድ ላስቲክ አለ። በግራ በኩል ያለው ላስቲክ ግማሹ የለም። ፊት ለፊቱ ያለው ብረት እንደ ሳንቲም ያብረቀርቃል፣ ዙሪያው ግን በጭቃና በዝገት ጠቁሯል። ያ "ዷ!" የሚለው ድምፅ እዚህች ጋ ነው የሚወለደው። ቀጥሎ የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ የሚይዘውን ሻክል አየሁ። ባሌስትራ ሲተኛ ይረዝማል፣ ሲቀስት ያጥራል። ሻክሉ የሚወዛወዘው ለዚህ ርዝመት ቦታ ለመስጠት ነው። በግራ በኩል ሻክሉ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። በቀኝ በኩልም ግን ደህና አልነበረም። ቀኙ ጤነኛ የመሰለው ግራው ስለባሰበት ነው።

ለምን ግራው ባሰ? መልሱን ያገኘሁት መኪናዋ ሥር አይደለም፣ ጋሼ ሲጭኑ ሳይ ነው። ከኋላ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም መቀመጫዎች አሉ። ጆንያውን ሁሉ በግራው በኩል ይደረድሩና ቀኙን ለሰው ይተዋሉ። ሹፌሩም በግራ ነው የሚቀመጠው። ዓመት ሙሉ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ግራው ነው የበላው። አንድ ጎን ብቻ ብንቀይር አዲሱ ከደከመው ጋር ይጣመድና መኪናዋ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። በአንድ አክስል ላይ ባሌስትራ የሚቀየረው በጥንድ ነው። ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ግን ሜትሩን ሲያዩ ተስማሙ።

የፊቱን ተውነው። 70 ተብሎ የሚታወቀው የላንድክሩዘር ቤተሰብ ከ1984 ጀምሮ የሚመረት ነው (ዘመኑ የፈረንጆች ነው)። እስከ 1999 በወጡት እንደዚህች ባሉ ረጃጅሞቹ ላይ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነው። ከዚያ ወዲህ የፊቱ በጥምዝምዝ ስፕሪንግ (ሞላ በሚባለው) ተተካ፣ የኋላው ግን እንደ ባሌስትራ ቀጠለ። የዚህች መኪና የፊት ባሌስትራ ልኬቱም ቅስቱም ስላልተበላሸ ገንዘብ አናባክንበትም አልን።

ምን እንግዛ?

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ነበር። ጋሼ "ከባዱን፣ የማይሞተውን" ነው የፈለጉት። ሻጩም በስልክ እሱን ነው የሚገፋው። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ለቋሚ ከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ አይታጠፍም። እሁድ ልጆችና አሮጊት እናት ይዘው ሲወጡ ወገብ ይቆርጣል። ደግሞም ባሌስትራ ሲጠነክር መኪናዋ የምትሸከመው ሕጋዊ ክብደት አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክስሉ ያው ነው፣ ሻንሲው ያው ነው። ወፍራም ባሌስትራ የሚያደርገው ከልክ በላይ ስትጭን እንዳይታወቅህ ነው። በመጨረሻ ከፋብሪካ ከወጣችበት ጋር እኩል የሆነውን መረጥን። ጋሼም ከ6 ኩንታል በላይ ላለመጫን ቃል ገቡ። ቃሉን ምን ያህል እንደሚጠብቁ እናያለን።

ዕቃው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ ተላከ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቃል። ባሌስትራውን ብቻ እንዳይገዙ ግን አጥብቄ ነግሬያቸው ነበር። ጎሚኒዎቹ (ፒኑ የሚያልፍባቸው ላስቲኮች)፣ ፒኖቹ፣ ሻክሎቹና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ባለ ዩ ቅርጽ ቡሎኖች ከነዳዷቸው አብረው መምጣት አለባቸው። እነዚህ ቡሎኖች አንዴ ሲጠብቁ ይለጠጣሉ። አሮጌውን መልሶ ማሰር ቁጠባ ይመስላል፣ ግን ቀስ ብሎ ይላላል። ሲላላ ጫናው ሁሉ በመሃል ቡሎኗ ላይ ይወድቃል። እሷ ስትቆረጥ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፣ መኪናዋም ፊቷ ወደ አንድ ወገን፣ ጀርባዋ ወደ ሌላ ሆኖ መሄድ ትጀምራለች።

ዕቃው ሲደርስ ሁለቱን ባሌስትራ ጎን ለጎን አቁመን አስተያየናቸው። ቅስታቸው እኩል ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ ሳስቶ የተሠራ ነው፣ በመጋዝ የተቆረጠ አይደለም። ከመሃል ቡሎኑ እስከ ሁለቱ ጫፍ ያለውንም ለካን። በብዙ ባሌስትራ ላይ ሁለቱ ወገን እኩል ስላልሆነ ፊትና ኋላውን ገልብጦ መግጠም አክስሉን ከቦታው ያወጣዋል። አንዳንዱ የግራና የቀኝ ምልክትም አለው።

ሥራው

ግንቦት ላይ ነው የሠራነው፣ ዝናቡ ሳይጠና። የጎረቤት ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሊያግዘኝ መጣ። ጉልበት አለው፣ ትዕግሥት የለውም። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለ ክሪክ አንድ ነገር ልናገር፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ልጁ ሁለት ብሎኬት ተሸክሞ መጣ፤ መልሼ ላክሁት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት መደገፊያ ያለው ይጠቀም። እኛ ከባሕር ዛፍ ግንድ እኩል እኩል የተቆረጡ አጫጭር ወፍራም ጉማጆችን ሁለት በሁለት መስቀለኛ እየደረብን ሻንሲው ሥር አስቀመጥን። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ቆለፍን፣ የኋላው አየር ላይ ሲሆን የእጅ ፍሬን አይታመንምና። ክሪኩ ራሱ አክስሉ ሥር ገባ፣ አክስሉን ከፍና ዝቅ እያደረገ እንዲያገለግል። ከመግባታችን በፊት መኪናዋን በሁለት እጃችን ወዝወዝ አደረግናት። ካልተነቃነቀች ነው ሰው ከሥር የሚገባው።

አንድ ጎን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚፈታው። ሌላኛው ባሌስትራ አክስሉን በቦታው ይይዝልሃል። ሁለቱንም ከፈታህ አክስሉን ስታሳድድ ትውላለህ።

የቀኙ ሸጋ ነበር። የሾኩን፣ የመኪናዋን መወዛወዝ የሚያበርደውን፣ ታች ጫፍ ፈታን። ባለ ዩ ቡሎኖቹን በግራይንደር ቆረጥን፤ የሚጣሉ ስለሆኑ ዝገት ላይ ላብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ብልጭታው ወደ ፍሬን ጎማ (የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ) እና ወደ ናፍጣ መስመር እንዳይሄድ እርጥብ ጆንያ ጋርደንበታል። አክስሉ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ሲወርድ ክብደቱ በፍሬን ጎማው ላይ እንዳይንጠለጠል ዓይን መጣል ያስፈልጋል። ከዚያ ሻክሉ፣ ከዚያ የፊቱ ፒን። ወጣ።

ግራው ግን ቀኑን በላው። የፊቱ ፒን በሻንሲው መያዣ ውስጥ ዝጎ አንድ ብረት ሆኗል። ጣና ጨዋማ ውኃ አይደለም፣ የባሕር ዳርቻ ዝገት አናውቅም። የኛ ዝገት የክረምት ጭቃ ነው። መያዣው ውስጥ ገብቶ ሳይደርቅ ይከርማል። ከዋዜማው ጀምሮ ናፍጣና ያገለገለ ዘይት ደባልቀን ስናጠጣው ነበር። የፒኑ ጥርስ እንዳይበላሽ ዳዶውን ጫፉ ድረስ መልሰን አስረን በትልቅ መዶሻ መታነው። ወይ ፍንክች! ልጁ "ብሮ፣ በእሳት እናንድደው" አለኝ። እምቢ አልኩ። ናፍጣ፣ ላስቲክና የፍሬን ጎማ ባለበት ቦታ፣ ግቢ ውስጥ፣ እሳት አልለኩስም።

ያዋጣን ነገር ማዞር ነው። ፒኑ ከጠፍጣፋ ብረት ጋር የተያያዘ ነው፣ ብረቱም በሁለት ትናንሽ ቡሎኖች ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ሁለቱን ፈታን። ከዚያ የጠፍጣፋውን ብረት ጠርዝ በትልቅ የቱቦ መፍቻ ነክሰን፣ እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቀን፣ ወዲህና ወዲያ አልነው። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ቀይ ዱቄት መሰል ዝገት ከጫፉ ብን ሲል አየሁ። ያኔ አለቀለት። ዘይት ጨመርን፣ አዞርን፣ ጨመርን፣ አዞርን፣ ከዚያ መዶሻው በቀላሉ አወጣው። ዝገት ምት ይችላል፣ መጠምዘዝ ግን አይችልም።

የግራውን ባሌስትራ መሬት ላይ ስንበትነው ታሪኩ ሁሉ ወጣ። የተጨመረው ቅጠል ከሌላ መኪና የመጣ፣ ከሌሎቹ የወፈረ፣ ጫፉ በግራይንደር ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ያ ስለታም ጠርዝ አጠገቡ ያለውን ቅጠል ቦርቡሮታል፣ ከቡርቡሩም ስንጥቅ ጀምሯል። ጥፍር ስታሳልፍበት ይይዛል። የመሃል ቡሎኗ ጎብጣለች። ጎሚኒው ክብ መሆኑን ትቶ እንቁላል ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ቢገባ ኖሮ ቅጠሉ መንገድ ላይ ይሰበር ነበር።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል። የአክስሉን መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፣ የመሃል ቡሎኗ ራስ ቀዳዳዋ ውስጥ በትክክል መቀመጧን በጣት ዳሰስን። ፒኑ ብረት በሚነካበት ቦታ ግራሶ ቀባን። ጎሚኒው ላይ ግን ግራሶ አይቀባም፣ ዘይት ላስቲክ ይበላል። በሳሙና ውኃ አርሰን አስገባነው። የባለ ዩ ቡሎኖቹን ዳዶ በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያልን አጠበቅን፣ ከአራቱም የሚተርፈው ጥርስ እኩል እስኪሆን።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። የፒኖቹና የሻክሉ ዳዶ መኪናዋ አየር ላይ እያለች ጠብቆ አይታሰርም። በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው። መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ፣ ክብደቷን ጥላ፣ ጀርባዋን ጫን ጫን አድርገናት ከተደላደለች በኋላ ነው የመጨረሻው ጥበቃ። ምክንያቱም ጎሚኒው በታሰረበት አቋም ይያዛል። አክስሉ ተንጠልጥሎ ካሰርከው፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ተጠምዝዞ ውሎ፣ ተጠምዝዞ አድሮ፣ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ሰው ከዚያ "ጎሚኒው ፎርጅድ ነው" ይላል።

ከዚያ በኋላ

ግራው በ7.5 ሳንቲ ሜትር ተነሳ፣ ቀኙ በ4። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀረ። አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይረግጣል። ጥቂት ሳምንት ከተጫነች በኋላ ስለካ ሁለቱም አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ወርደው ቆመዋል። በዚያው ቀን ባለ ዩ ቡሎኖቹን ደግሜ አሰርኩ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዞሩ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ደግሞ ማሰሩ የሥራው አካል ነው።

ጀርባዋ ከፍ ሲል ሁለት ነገር አብሮ ተነካ። አንደኛው መብራቱ ነው፤ አሁን መሬቱን ብቻ ስለሚያበራ ግድግዳ ፊት አቁመን ወደ ላይ አስተካከልነው። ሁለተኛው ፍሬን ነው። ይህች መኪና የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አላት፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ። ጀርባው ሲነሳ ቫልቩ መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ይህኛውን ግቢ ውስጥ በግምት አልነካሁም። የፍሬን ግፊት መለኪያ ያለው ባለሙያ ጋ ወስደው አስተካከሉት። ባሌስትራ ቀይሮ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

አሮጌዎቹን ቅጠሎች ብረት ቀጥቃጭ ገዛቸው፣ ለማረሻ ጥሩ ብረት ነው። የተሰነጠቀ ቅጠል እንዳለበት ነገርኩት። "እሱን ለቢላ" አለኝ።

የቀረው ሾኩ ነው። የኋላዎቹ ሁለቱም ዘይት አልቅሰዋል፣ መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ ሁለቴ ሦስቴ ትወዛወዛለች። ጋሼ "ከመስከረም በኋላ" ብለዋል። ጆንያውን ግን አሁን መሃል ላይ ነው የሚደረድሩት፤ ሰዎቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ያማርራሉ።